ቪርታነን አንድ ዘር አይደለም፦ ስለ ፊንላንዱ የቤተሰብ ስም ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ፊንላንዱ የቤተሰብ ስም ስለ ቪርታነን የሚተርክ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ጽሑፉ በአጭሩ የሚለው ይህን ነው። ቪርታነን ከ500 ዓመት በፊት ወንዝ ዳር ከሰፈረ ከአንድ አባት የወረደ ዘር ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ነን» የእገሌ ልጅ ማለት ነው። ፊንላንዶች እንደኛ በአባት ስም ተጠርተው አያውቁም። ስሙ በ1906 በአንድ ቀን ከስዊድንኛ ተተርጉሞ ለሕዝቡ ታደለ። ሴቶች ሲያገቡ ምንጊዜም የባላቸውን ስም ይወስዱ ነበር። አሜሪካ የገቡትን ደግሞ የኤሊስ ደሴት (ስደተኞች ይመረመሩበት የነበረ የኒው ዮርክ ደሴት) ሹማምንት ስማቸውን ቀየሩባቸው። በመጨረሻም «ስሙን የመረጃ ቋት ውስጥ ጻፉና ወደ ኋላ ተከተሉት» ብሎ ይመክራል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ይኸው ምክር ነው። ዛሬ ፊንላንድ ውስጥ በእናቱ ወይም በአባቱ በኩል አበሻ የሆነ፣ በሌላው በኩል ቪርታነን ወይም ማኪነን የሚባል ልጅ አለ። ያ ልጅ አንድ ቀን የፊንላንድ ዘመዶቹን ልፈልግ ቢል በዚህ ምክር የማያውቁትን የማያውቃቸውን ሰዎች አያት ቅድመ አያት አድርጎ ይመዘግባል። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ማየት ተገቢ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጽሑፉ ትክክል የሆነባቸውን ሁለት ነገሮች በቅድሚያ እናንሳ። «ቪርታ» የሚፈስ ውኃ ማለት መሆኑ እውነት ነው። ቪርታነን ከአገሪቱ በጣም የተለመዱ ስሞች አንዱ መሆኑም እንዲሁ፤ ከኮርሆነን ጋር ለአንደኝነት የሚፎካከር ሲሆን እያንዳንዳቸውን ከ20,000 በላይ ሰዎች ይዘውታል። ከዚህ ሌላ ያለው ግን መታረም አለበት።

«ከ500 ዓመት በፊት ከነበረ ከአንድ አባት የወረደ ዘር ነው»

ፊንላንድ በስም ጉዳይ ለሁለት የተከፈለች አገር ነበረች። በምሥራቅ፣ ማለትም በሳቮና በካሬሊያ፣ በ«ነን» የሚያልቅ ስም ከአባት ወደ ልጅ መውረድ የጀመረው በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ግድም ነው። ያኔ ፊንላንድን የሚገዛው የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ ቫሳ በ1500ዎቹ ባስጻፋቸው የግብር መዝገቦች ላይ እነዚህ ስሞች ተሰልፈው ይገኛሉ። ይህን ያመጣው አኗኗሩ ነው። የሳቮ ገበሬ ጫካ ይመነጥራል፣ ያቃጥላል፣ በአመዱ ላይ ይዘራል፤ መሬቱ ከጥቂት አዝመራ በኋላ ሲደክም ወደ ሌላ ጫካ ይሻገራል። እንዲህ የሚዘዋወር ሰው በቦታ ስም ሊጠራ ስለማይችል ስሙ ከሰዎቹ ጋር ተጓዘ። ኮርሆነን የዚህ ዓይነት ስም ነው፤ ስለ ኮርሆነን የተጻፈ ቢሆን ኖሮ 500 ዓመት የሚለው ባላስገረመ።

ቪርታነን ግን በአብዛኛው የምዕራቡ ስም ነው። በሃሜ፣ በሳታኩንታና በቱርኩ ዙሪያ ሰው የሚታወቀው በራሱ ስም፣ በአባቱ ስምና በሚኖርበት እርሻ ነበር። ስሙ የእርሻው ነው፤ ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ስሙ እዚያው ይቀራል። የማቲ ቦታ ማቲላ፣ የሄይኪ ቦታ ሄይኪላ፣ የአንቲ ቦታ አንቲላ ይባላል። ገበሬ እርሻውን ሸጦ ሌላ ቢገዛ በአዲሱ እርሻ ስም ይጠራል። ሚስቱ ቤት የገባ አማችም የሚስቱን ቤት ስም ይይዛል፤ ልጆቹም በዚያው ይጠራሉ።

ለማሳያ የሚሆን ምሳሌ እናብጅ። ሄይኪላ በሚባል እርሻ የተወለዱ ሦስት የማቲ ልጆች አሉ እንበል። ዩሆ፣ ማቲላ የምትባል እርሻ ወራሽ የሆነች ሴት አግብቶ እዚያው ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ዩሆ ማቲላ ነው። ካሌ፣ ኒዬሚ በተባለ ቁራሽ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ፤ ካሌ ኒዬሚ ተባለ። ሦስተኛው አንቲ መሬት አልደረሰውምና በ1880ዎቹ ወደ ታምፔሬ ሄዶ ፋብሪካ ተቀጠረ። ከተማ ውስጥ እርሻ የለውም፣ የእርሻ ስምም የለውም፤ ቪርታነን የሚለውን ያዘ። አንድ አባት፣ አንድ እናት፣ ሦስት የቤተሰብ ስም። በተቃራኒው የአንቲ ጎረቤት፣ ከሌላ አውራጃ የመጣና ምንም ዝምድና የሌለው ሰው፣ እሱም ቪርታነን ሊሆን ይችላል።

ስሙ የበዛው በዚህ መንገድ ነው። ከ1800ዎቹ አጋማሽ በኋላ ጭሰኞች፣ ሎሌዎች፣ ገረዶችና የፋብሪካ ሠራተኞች አንድ የማይለዋወጥ ስም ያስፈልጋቸው ጀመር፤ አሠሪውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ቄሱም ይጠይቋቸዋል። እነሱም የምሥራቁን «ነን» ወስደው ከተፈጥሮ ቃል ጋር አጋጠሙት። ከኮረብታ ማኪነን፣ ወደ ውኃ ከሚገባ የብስ ኒዬሚነን፣ ከባሕረ ሰላጤ ላህቲነን፣ ከሐይቅ ያርቪነን፣ ከፏፏቴ ኮስኪነን፣ ከደሴት ሳሪነን፣ ከሚፈስ ውኃ ቪርታነን። ይህን ለውጥ ከ1850ዎቹ እስከ 1921 ድረስ በዝርዝር ያጠናችው የስም ተመራማሪዋ ሲርካ ፓይካላ ናት፤ የዶክትሬት ሥራዋ በ2004 ወጥቷል። ቪርታነን በዚያ ጥናት የአንድ ሙሉ የስም ዓይነት ምሳሌ ሆኖ የቀረበ ነው። ስሙን የያዘ ሰው የግድ ወንዝ ዳር የኖረ አልነበረም፤ ደስ የሚል፣ ፊንላንዳዊ የሆነ፣ ለመያዝ የማያስቸግር ስም መምረጡ ነበር።

ጽሑፉ በ1945 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘውን አርቱሪ ኢልማሪ ቪርታነንን «የዘሩ ታላቅ ልጅ» ይለዋል። ሳይንቲስቱ ታላቅ መሆኑ አያጠራጥርም፤ የከብት መኖ ለክረምት ሳይበላሽ የሚቆይበትን ዘዴ የሠራ ሰው ነው። ስሙ ብቻውን ግን ከሌላው ቪርታነን ጋር አያዛምደውም፤ ዝምድና አለ የሚል ሰው በመዝገብ ማሳየት አለበት። በኢንተርኔት የሚሸጠው «የቪርታነን ቤተሰብ ዓርማ»ም ከዚሁ ስህተት የመጣ ነው። ዓርማ ያለው ለተወሰነ ቤተሰብ እንጂ ለስም አይደለም።

«‹ነን› የእገሌ ልጅ ማለት ነው»

አይደለም። «ነን» ቅጽል የሚያበጅ ወይም የሚያሳንስ ቅጥያ ነው። ሱኦሚ አገሪቱ ናት፣ ሱኦማላይነን የአገሪቱ የሆነ ማለት ነው። ኩካ አበባ ነው፣ ኩካነን ትንሽ አበባ። ልጅነትን የሚገልጹት ለወንድ «ፖይካ»፣ ለሴት «ቲታር» ናቸው፤ ማቲንፖይካ የማቲ ልጅ ነው። ጽሑፉ ሁሉም የፊንላንድ ስም በ«ነን» ያልቃል ማለቱም ስህተት ነው። አትሌቲክስ የሚከታተል አንባቢ ፓቮ ኑርሚንና ላሴ ቪረንን ያውቃል፤ በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩፅ ይፍጠር የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲወስድ ብሩን ያገኘው ፊንላንዳዊም ካርሎ ማኒንካ ነበር።

ስለ ቅጥያው ለፈላጊ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ስሙ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ግንዱ ይለወጣል። «የቪርታነን» ለማለት ቪርታሰን፣ «ቪርታነኖች» ለማለት ቪርታሴት ይባላል። በጋዜጣ ወይም በሰነድ ውስጥ «ቪርታነን» ብሎ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ያመልጠዋል፤ «ቪርታ» እና «ቪርታሰ» ብሎም መፈለግ አለበት።

«እንደኛ በአባት ስም ተጠርተው አያውቁም»

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሲጻፍ በጣም ያሳዝናል፤ በጣም የሚመሳሰሉበት ቦታ ላይ ነውና የተሳሳተው። የምዕራብ ፊንላንድ ገበሬ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በራሱና በአባቱ ስም ነው። ዩሆ ማቲንፖይካ ማለት ዩሆ የማቲ ልጅ ነው፤ የዩሆ ልጅ ደግሞ ሄይኪ ዩሆንፖይካ ይሆናል እንጂ ማቲንፖይካ አይባልም። ስሙ እንደኛው በየትውልዱ ይቀየራል። ልዩነቱ ከኋላው የእርሻው ስም መከተሉ፣ እንዲሁም መዝገቡ የሚጻፈው በስዊድንኛ ስለነበር ቄሱ ማቲንፖይካን «ማትሶን»፣ ማቲንቲታርን «ማትስዶተር» ብሎ ማስፈሩ ነው።

በቋሚ ስም የሚጠሩ ጥቂት ወገኖች በምዕራቡም ነበሩ። የተማሩት ስማቸውን ላቲን ያስመስሉ ነበር፤ የፊንላንድኛ ጽሑፍ አባት የሚባለው ሚካኤል አግሪኮላ የኦላቪ ልጅ ሲሆን፣ በላቲን ገበሬ ማለት የሆነውን ስም የያዘው ተማሪ ሳለ ነው። ወታደሮች ደግሞ ከ1600ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሌላ ሥርዓት ነበራቸው። ጥቂት እርሻዎች ተቧድነው አንድ ወታደር ያቆማሉ፤ ወታደሩም ሞዲግ (ደፋር)፣ ራስክ (ቀልጣፋ)፣ ስታርክ (ብርቱ) የመሰለ አጭር የስዊድንኛ ስም ይሰጠዋል። እሱ ሲሞት ወይም ሲሰናበት በቦታው የሚተካው እንግዳ ሰው ብዙ ጊዜ ያንኑ ስም ይወርሳል። ስለዚህ አንድ መንደር ውስጥ ለ60 ዓመት ስታርክ የሚባል ወታደር ቢገኝ የአንድ ቤተሰብ አባትና ልጅ ናቸው ማለት አይቻልም።

ሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ያስገደደው በ1920 ወጥቶ በ1921 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ነው። ነገሩ ከአንድ ምዕተ ዓመት ብዙም አይርቅም።

«በ1906 በአንድ ቀን ከስዊድንኛ ተተርጉሞ ታደለ»

ይህ ነጥብ ከመጀመሪያው ጋር ይጋጫል። በ1906 የታደለ ስም እንዴት የ500 ዓመት ዘር መጠሪያ ይሆናል? ሆኖም የታሪኩ ፍሬ እውነት ስላለው በአግባቡ ማስቀመጥ ይገባል።

ግንቦት 12 ቀን 1906 የፈላስፋውና የፖለቲከኛው ዮሃን ቪልሄልም ስኔልማን 100ኛ የልደት ቀን ነበር። ስኔልማን ፊንላንድኛ የትምህርትና የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆን የታገለ ሰው ነው። ደራሲው ዮሃነስ ሊናንኮስኪ ይህን ቀን ምክንያት በማድረግ፣ የስዊድንኛ ስም ያላቸው ፊንላንዶች በፊንላንድኛ ስም እንዲተኩት ጥሪ አቀረበ። ጥሪውን የተቀበለው ሕዝብ ብዙ ነበር፤ በዚያና በተከታዩ ዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስም ለወጡ። አገሪቱ ያኔ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር የምትተዳደር ታላቅ መስፍናዊ ግዛት ነበረች፤ ስሙን የሰጠ ወይም ያስገደደ ባለሥልጣን ግን ስዊድንም ሩሲያም አልነበረም። ሰዎቹ በፈቃዳቸው መረጡ፣ ለውጡንም በጋዜጣ አሳወቁ።

ትርጉም መከተልም ግዴታ አልነበረም። አንዳንዱ ተርጉሟል፤ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ዩሆ ኩስቲ ፓሲኪቪ በትውልድ ስሙ ሄልስተን ሲሆን፣ «ጠፍጣፋ ድንጋይ» የሚለውን ሐሳብ ይዞ ገና በ1885 ፓሲኪቪ ብሎታል። ሠዓሊው አክሰል ጋሌን ግን በ1907 አክሰሊ ጋለን-ካለላ የሆነው የቀድሞ ስሙን ሳይጥል ነው። ሌላው ከነአካቴው ተያያዥነት የሌለው ስም መርጧል። ስለዚህ «ቪርታነን ከሆነ ድሮ ስትረም (በስዊድንኛ የሚፈስ ውኃ) ነበር» ብሎ መደምደም አይቻልም። ደግሞም አብዛኛው ቪርታነን የሚለወጥ የስዊድንኛ ስም አልነበረውም፤ ከዚያ በፊት የነበረው የአባት ስም ብቻ ነው።

«ሴቶች ምንጊዜም የባል ስም ይወስዱ ነበር»

በምሥራቁ ሴት ልጅ አግብታም የተወለደችበትን ስም ይዛ ትቀር ነበር፤ በቆዩ መዝገቦች ላይ «ነን» በሴት «ታር» ሆኖ ይገኛል፤ ካርሁነን ለወንድ፣ ካርሁታር ለሴት። በምዕራቡ በአባቷ ስም ትጠራ ነበር። የባል ስም መውሰድ ከላይኛው መደብ ወደ ታች የተዛመተው በ1800ዎቹ ነው፤ ግዴታ ያደረገው ደግሞ በ1930 ሥራ ላይ የዋለው የጋብቻ ሕግ። ግዴታው በ1986 ቀረ። ከ2019 ወዲህ ሁለቱን ስሞች ያጣመረ የጋራ የቤተሰብ ስም መያዝም ይፈቀዳል። የአያትን የትውልድ ስም የሚፈልግ ሰው እነዚህን ዓመቶች ልብ ይበል።

«ኤሊስ ደሴት ላይ ተቀየረ»

ጽሑፉ ማስረጃ ያደረገው አሜሪካ ውስጥ ያሉት ስሙን በ«ደብልዩ» ፊደል መጻፋቸውን ነው። ይህ የፊንላንድ የራሷ የቆየ አጻጻፍ ነው። በ1800ዎቹ የፊንላንድኛ ሕትመት «ቪ» የሚለውን ድምፅ በ«ደብልዩ» ይጽፍ ነበር፤ «ሱኦማላይነን ቪራሊነን ሌህቲ» የተባለው የመንግሥት ጋዜጣ እንኳ ርዕሱን የሚጽፈው በዚያ ፊደል ነበር። ስደተኛው ከአገሩ ይዞት የወጣውን አጻጻፍ ልጆቹ ጠበቁት፣ አገር ቤት ያለው ግን ዘመናዊውን ተከተለ። በ1948 ቪርታነን የተባለችውን ጭራ ኮከብ ያገኘው አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ካርል ቪርታነን ስሙን የሚጽፈው በዚያው በአሮጌው ፊደል ነው።

የኤሊስ ደሴት መርማሪዎች ስም አይመዘግቡም ነበር፤ የመርከብ ኩባንያው መነሻው ወደብ ላይ ያዘጋጀውን ዝርዝር ይዘው ነው የሚጠይቁት። ስም የሚቀየረው ሰውየው ከገባ በኋላ ራሱ ሲፈልግ ነው። ከምዕራብ ፊንላንድ የሄደ ሰው ፓስፖርቱ ላይ በአባቱ ስም፣ ሚኒሶታ ወይም ሚሺጋን ውስጥ በእርሻው ስም፣ አገር ቤት የቀረ ወንድሙ ደግሞ በሌላ ስም መገኘታቸው የተለመደ ነው። ቱርኩ ያለው የስደተኞች ጥናት ተቋም የመንገደኞች ዝርዝሮችን ሰብስቧል፤ እዚያ ሲፈለግ ሁለቱንም አጻጻፍና የአባት ስሙን መሞከር ያስፈልጋል።

«ስሙን የመረጃ ቋት ውስጥ ጻፉና ወደ ኋላ ተከተሉት»

የሚያስተው ይህ ነው። የምዕራቡን ቪርታነን በስሙ ወደ ኋላ ቢከተሉት ወይ 1880ዎቹ ላይ ይጠፋል፣ ወይ ሌላ ቪርታነን ላይ ያርፋል። መከተል ያለብን ሰውየውን ነው፤ በመጠሪያ ስሙ፣ በአባቱ ስም፣ በልደት ቀኑና በሚኖርበት እርሻ።

ሥራው የሚጀምረው ከቅርቡ ነው። የመጨረሻው መቶ ዓመት መረጃ በግላዊነት ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ከሕዝብ መዝገብ ወይም ከሉተራን ቤተ ክርስቲያን የመዝገብ ጽሕፈት ቤት በማመልከቻ ይጠየቃል። ማመልከቻው ላይ የሚታወቀውን የመጨረሻ ሰው ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና የደብሩን ስም መጻፍ የግድ ነው፤ ደብሩ ካልታወቀ ነገሩ ብዙ ይጓተታል። ከዚያ በፊት ያለው በአብዛኛው በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተነሥቶ በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል።

ዋናው ሰነድ ሪፒኪርያ የሚባለው የቁርባን መዝገብ ነው። አንዱ ጥራዝ አሥር ዓመት ገደማ ይሸፍናል። የሚደረደረው በመንደር፣ ከዚያ በእርሻ ነው። ገጹ ላይ መጀመሪያ ባለእርሻው፣ ሚስቱና ልጆቹ ይመጣሉ፤ ከዚያ ሎሌዎቹ፣ ገረዶቹ፣ ጭሰኞቹና ጥገኞቹ። በስዊድንኛ ባለእርሻው ቦንዴ፣ ጭሰኛው ቶርፓሬ፣ ሎሌው ድሬንግ፣ ገረዷ ፒጋ ነው፤ እነዚህን አራት ቃላት የያዘ ሰው ገጹን ግማሽ ያነብበዋል። በየስሙ ጎን የልደት ቀን፣ የንባብና የሃይማኖት ትምህርት ምልክት፣ የቆረበበት ቀን፣ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሄደ ይሰፍራል። እዚህ መዝገብ ላይ ቪርታነን የሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበትን ጥራዝ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከአባት ስሙ ጎን ወይም በላይ ጠበብ ብሎ፣ በሌላ ቀለም ተጨምሮ ይገኛል። ከዚያ ጥራዝ በፊት ቪርታነን የሚለውን ስም እርግፍ አድርጋችሁ ተዉት።

የመጠሪያ ስሙም መመለስ አለበት። ቤት ውስጥ ዩሆ ወይም ዩሲ የሚባለው መዝገቡ ላይ ዮሃን ነው። ሄይኪ ሄንሪክ፣ ማቲ ማትስ፣ አንቲ አንደርስ፣ ኤርኪ ኤሪክ፣ ካሌ ካርል፣ ኩስቲ ጉስታፍ፣ ማያ ማሪያ፣ ሬታ ማርጋሬታ ናቸው። ሂስኪ በሚባለው የፊንላንድ የዘር ጥናት ማኅበር የመረጃ ቋት ውስጥ ሲፈለግም የቤተሰብ ስሙን ቦታ ባዶ መተው፣ ደብሩን፣ የልደት ቀኑንና የአባቱን ስም መሙላት ነው። ሂስኪ ከመዝገብ የተገለበጠ ስለሆነ ያገኙትን በዋናው ገጽ ምስል ማመሳከር ያስፈልጋል።

የሚበላሸው የት እንደሆነ ደግሞ የታወቀ ነው። በአንድ ደብር፣ በአንድ ዓመት ሦስት ዮሃን ማትሶን ይወለዳሉ። የቁርባን መዝገቡ ከቀደመው ጥራዝ በእጅ ስለሚገለበጥ 6 የነበረው 16፣ 1 የነበረው 7 ይሆናል፤ ስህተቱም ከጥራዝ ወደ ጥራዝ ይወርዳል። ስለዚህ ቀኑ የሚረጋገጠው በጥምቀት መዝገብ ነው፤ እዚያ የእናት ስም፣ እርሻውና የክርስትና አባትና እናት ስሞች አሉ፤ እነዚህም ብዙ ጊዜ አጎትና አክስት ናቸው። የሞተ ሕፃን ስም ለሚቀጥለው ልጅ መልሶ ይሰጥ ስለነበር፣ የልደቱን ገጽ ያገኘ ሰው የሞት መዝገቡንም ሳያይ ማለፍ የለበትም። ለቁርባን ያልደረሱ ልጆች፣ እስከ 15 ዓመት ግድም፣ በብዙ ደብር በተለየ የልጆች መዝገብ ውስጥ ይጻፋሉ፤ ልጁ ከወላጆቹ ገጽ ላይ ጠፋ ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም። ሎሌና ገረድ በየዓመቱ ቤት ስለሚቀይሩ ገብተው የወጡበትን እርሻና የገጽ ቁጥር አንድ በአንድ መከተል ነው እንጂ መዝለል አያዋጣም። ከ1753 በፊት ያለ ቀን ደግሞ በአብዛኛው በአሮጌው የጁሊያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው፤ በዚያ ዓመት ከየካቲት 17 ቀጥሎ የዋለው መጋቢት 1 ነው።

ቄሶች ልደት፣ ጋብቻና ሞት እንዲመዘግቡ ያዘዘው የቤተ ክርስቲያን ሕግ የወጣው በ1686 ነው። ከ1713 እስከ 1721 በዘለቀው የሩሲያ ወረራ ብዙ መዝገብ ስለጠፋ፣ በበርካታ ደብሮች ያልተቋረጠው ሰንሰለት ከ1720ዎቹ ወደ ኋላ አያልፍም። ከዚያ በፊት ላለው ጊዜ የሚቀሩት ከ1634 ጀምሮ ያሉት የነፍስ ወከፍ ግብር ዝርዝሮችና ከ1500ዎቹ የመጡት የመሬት መዝገቦች ናቸው፤ የመሬት መዝገቡ የሚጠቅሰው በአብዛኛው ግብር የሚከፍለውን አባወራ ብቻ ነው። አንድ እርሻ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉ በግብር ዝርዝሩ፣ በአውራጃው ፍርድ ቤት መዝገብ ወይም በሁለቱም ካልታየ ዝምድናው አልተረጋገጠም፤ በዘር ሐረጉም ላይ መስመር አይሰመርለትም።